ንጉሡ ፊት የቆመው ቆርኪ

ጋሽ ይሕደጎ ሃያ ሁለት ሰፈር በሚገኘው የቼዝ ክበባቸው ውስጥ ወድቀው፣ ሞተው ተገኙ። ያገኘቻቸው ረቡዕ ጠዋት በሩን የከፈተችው የእህታቸው ልጅ ማዕዛ ናት። ጭንቅላታቸውን የመስኮቱ ብረት መትቷቸዋል። አጠገባቸው ባለው ጠረጴዛ ላይ የተጀመረ ጨዋታ ነበር። ፖሊስ ክፍሉን አሸገና በዚያው ዕለት ተማሪያቸውን ፊሊሞንን ከየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ይዞት ወረደ።

ወይ ፍርጃ! ፊሊሞን ጥቁር ይዞ ሲጫወት ፈረንሳይ ከሚባለው መከላከያ ሌላ እንደማያውቅ አገር ያወቀው ፀሐይ የሞቀው ነው። ጠረጴዛው ላይ የተገኘውም ፈረንሳይ ነው። ማክሰኞ አመሻሹ ላይ የት ነበርክ ቢሉት መገናኛ፣ የታክሲ ሰልፍ ላይ። እስኪ ከዚያ ሁሉ ሰልፈኛ ማን ይመስክርለት?

«ፈረንሳይን እኮ ትቼዋለሁ» አለ ጣቢያ እንደደረሰ።

«ፈረንሳይ ለጋሲዮን ነበር የምትኖረው?» አለው ቃሉን የሚቀበለው ፖሊስ።

 ከየት ጀምሮ ያስረዳው?

በማግስቱ ኢንስፔክተር ሸሪፋ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ስለ ቼዝ የምታውቀው ፈረስ እንደሚዘል ብቻ ነው፤ አለማወቋን ግን አልደበቀችም።

«ለማያውቅ ሰው ንገረኝ። ፈረንሳይ ምንድን ነው?»

«ነጭ ሲጀምር ጥቁር የሚመልስበት መንገድ ነው። ንጉሡ ፊት ያለውን ወታደር አንድ እርምጃ ያወጡታል። ጠንካራ ነው፤ ግን ቢሾፕ የሚባለውን የራስን ጠጠር ቤቱ ውስጥ ይቆልፈዋል። ጋሼ ተወው ይሉኝ ነበር፤ እኔ መወሰን አቃተኝ። ዛሬ ሲሲሊያን የሚባለው ያምረኛል፣ ነገ ሌላ። በመጣሁ ቁጥር ‹ጋሼ፣ ምን ልጫወት?› ነው።»

«ምን ይሉሃል?»

«‹አንተ ልጅ፣ መጀመሪያ የምታድርበትን ቤት ምረጥ› ይሉና ይስቁብኛል።» 

 «እና መረጥክ?»

«እሁድ ዕለት። ካሮ ካን የሚባለውን ያዝኩ። ደስ ብሏቸው ለስላሳ ጋበዙን። ውድድሩ እስኪደርስ ወሬው ከዚያ ክፍል እንዳይወጣ ብለው ሁላችንንም አስማሉን።»

«ማን ማን ነበራችሁ?»

«ማዕዛና አሌክስ። ጉግሳ ለሰርግ አዳማ ወርዶ ነበር።»

አሌክስ የክበቡ ተጫዋች ነው። ጉግሳ ደግሞ ቦሌ መንገድ ላይ ቢሮ ያለው፣ ከክበቡ አንደኛ የሚባለው ነው። ሸሪፋ የጠረጴዛውን ፎቶ አሳየችው። «ይህ ቆርኪ እዚህ ምን ይሠራል?»

«አንድ ጥቁር ወታደር ጠፍቶብን በሱ ቦታ ነው። ጋሼ ሲያስተምሩ፣ ተማሪው መጀመሪያ የሚያንቀሳቅሰው ወታደር ቦታ ላይ ያስቀምጡታል። እጃችን እንዲለምድ ብለው ነው። የኔ ድሮ ንጉሡ ፊት ነበር። ከእሁድ ወዲህ ግን ንግሥቲቱ አጠገብ ያለው ቢሾፕ ፊት ነው።»

ፎቶው ላይ ቆርኪው ንጉሡ ፊት ነው። አንድ እርምጃ ወጥቶ ቆሟል። ፊሊሞን ይህን ሲያይ ጭራሽ ተስፋ ቆረጠ። ሸሪፋ ግን ፎቶውን ቦርሳዋ ከታ ተነሳች።

ከሰዓት በኋላ እጁን በካቴና አስራ ወደ ክበቡ ወሰደችው። ማዕዛ፣ አሌክስና ጉግሳ ደረጃው ላይ ቆመዋል። በሩ እንደታሸገ ነው።

«ጉግሳ፣ ጋሽ ይሕደጎ ከማን ጋር ሲጫወቱ የነበሩ ይመስልሃል?» አለች ሸሪፋ።

«ምን ይጠየቃል? ቆርኪው ንጉሡ ፊት ወጥቶ ቆሞ የለም እንዴ? የፊሊሞን ነው።»

«ገብተህ አይተሃል?»

«የት አይቼ? ገምቼ ነው። እሱ ሌላ አያውቅማ።»

«አሌክስ፣ አንተስ ብትገምት?»

አሌክስ ፊሊሞንን አየው። «እኛ እኮ ምለናል።»

«አሁን ለማን ብለህ ነው የምትደብቀው?»

«ቢሾፑ ፊት ነው የሚሆነው» አለ አሌክስ ቀስ ብሎ። «እሁድ ፈረንሳይን ተወው።»

ጉግሳ ወደ ፊሊሞን ዞረ። ፊቱ አመድ መሰለ።

ሸሪፋ እሽጉን ቀደደችና ሁሉንም አስገባቻቸው። «ፊሊሞን ተጫውቶ ቢሆን ቆርኪው እዚህ ቢሾፑ ፊት በተገኘ። ማዕዛና አሌክስ ሊያስወነጅሉት ቢፈልጉም አዲሱን ነበር የሚደረድሩት፤ ለውጡን ያውቃሉና። የድሮውን ፊሊሞን ብቻ የሚያውቀው ጉግሳ ነው። ግምትህ ስህተት ነበር ጉግሳ፤ ቦርዱ ግን ከስህተትህ ጋር ገጠመ። የደረደርከው አንተ ስለሆንክ ነው።»

«ለምን ብዬ?»

«ባለፈው ውድድር መጸዳጃ ቤት ገብተህ ከስልክህ መልስ ስትፈልግ ጋሽ ይሕደጎ አይተውሃል። ‹ራሱ ካልተናገረ እናገራለሁ› ማለታቸውን ማዕዛ ነግራኛለች።»

ጉግሳ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ለመንኳቸው» አለ። «እምቢ ሲሉኝ ገፋኋቸው። አንዴ ብቻ ነው።»

«ከወደቁ በኋላ ይተነፍሱ ነበር?»

ጉግሳ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ።

«ሐኪሙ፣ ሰው ቶሎ ቢደርስላቸው ይተርፉ ነበር ይላል።»

«ፈራሁ።»

«ፈርተህ ወታደር ደረደርክ» አለች ሸሪፋ። ማዕዛ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ወደ ግድግዳው ዞረች።

ካቴናው ከፊሊሞን እጅ ወጥቶ ጉግሳ እጅ ገባ። ፊሊሞን ነጻ ወጣ፤ ደስ ሊለው በተገባ። ግን ዓይኑ ጠረጴዛው ሥር ወለሉ ላይ አረፈ። ጋሼ እዚያ ሆነው ጠጠሮቹ ሲደረደሩ የእንጨቱን ድምፅ ሰምተው ይሆን? ሰምተውስ ከሆነ፣ እሱ የመጣ መስሏቸው ይሆን? እሱ ያን ሰዓት መገናኛ ቆሞ ታክሲ ይጠብቅ ነበር።

ጠረጴዛው ጋ ሄደ። ድምፁ ከከንፈሩ ሳይወጣ «ጋሼ፣ ምን ልጫወት?» አለ። ቆርኪውን ወደ አዲሱ ቦታው ሊመልሰው እጁን ዘረጋ።

«ተወው ወንድሜ» አለችው ሸሪፋ በለሆሳስ። «ማስረጃ ነው።»

ፊሊሞን እጁን ሰበሰበ። ቆርኪው እዚያው ንጉሡ ፊት ቀረ።