ታይፕ የምታደርግልኝ ልጅ

እንድርያስ ወደዚያች ሱቅ ለመጀመሪያ ጊዜ የገባው ሊጣላ ነው። ዲላ መናኸሪያ አጠገብ ካለችው የፎቶኮፒና የሞባይል ጥገና ሱቅ ደጃፍ ላይ ቆሞ፣ የክብሪት ሳጥን የምታክል ሰርኪት በእጁ ይዞ፣ «ቴሌግራም ላይ አጫጭር ኮድ የሚለቀውን ሰውዬ ታውቂዋለሽ?» አለ። «ከዚህ ሰፈር ነው ብለውኛል። ኮዱን አንድም ሳላስቀር ጻፍኩት፣ ስንት ቀን ለፋሁ፣ አይሠራም። ሰውየው አያውቅም።»

ሱቋ ውስጥ የምትሠራው ኤልቤቴል ቀና አለች። ቻናሉን የከፈተችው እሷ ናት። ኮምፒውተር የሌለው ተማሪ በስልኩ እያነበበ እንዲሞክር ብላ አጫጭር ኮዶችን ከነአሠራራቸው በአማርኛ ትለቃለች። ስሟን አልጻፈችበትም። የቡሌ ገበሬ ልጅ ናት፤ ዩኒቨርሲቲ ሳለች በአነጋገሯ ስለሳቁባት ከመናገር መጻፍ ይቀላታል።

«እስቲ ስልክህን» አለችው። አየችና ሳቋን ዋጥ አደረገች። «በአማርኛው ኪቦርድ ነው የጻፍከው። መስመሩ መጨረሻ ላይ የኛን ድርብ ሰረዝ አድርገህበታል፣ ማሽኑ ደግሞ እሱን አያውቀውም።»

«አንቺ በምን አወቅሽ?»

«ሰውየው እኔ ነኝ።»

ልጁ ደነገጠ፣ ከዚያ በራሱ ላይ ከልቡ ሳቀ። በራሱ የሚስቅ ወንድ እንደ ልብ አይገኝም፤ ኤልቤቴል እዚያው ሱቅ ውስጥ ልቧ ከዳት፣ እኔ ምን ላድርግ።

ሰርኪቱ ዱመርሶ ላለው አጎቱ ነበር። ቡናው ማድረቂያው አልጋ ላይ ተሰጥቶ ሳለ ዝናብ ሲነካው ወደ ስልክ እንዲደውል ነው የታሰበው። ኮዱን አስተካከለችለትና ሰርኪቱ ደወለ። ችግሩ ዝናብ በሌለበትም ጎህ ሲቀድ እየደወለ ቤተሰቡን በብርድ ወደ ደጅ ማስሮጡ ነው። የአጎቱ ሚስት አንድ ቀን እሳት ውስጥ እከተዋለሁ ብላ ዝታለች።

ኅዳር ላይ አብረው ዱመርሶ ሄዱና በማለዳ አልጋው ዳር ቆሙ። ኤልቤቴል መዳፏን የአልጋው ሽቦ ላይ አሳረፈች፤ እርጥብ ነው።

«ጤዛ ነው» አለች። «ዝናብ ከጀመረ ቶሎ ይበዛል፣ ጤዛ ቀስ ይላል። እንደነካው ከሚደውል፣ ትንሽ ይታገሥና ዳግመኛ ይለካ። ከበዛ ያኔ ይደውል።»

እንድርያስ ግን ሰርኪቱን አልነበረም የሚያየው። እርጥብ መዳፏን ይዞ በጃኬቱ እጅጌ አደረቀላት፣ ከደረቀም በኋላ አልለቀቀውም። እሷም አልነጠቀችውም።

ከዚያ ወዲህ ሥራቸው አንድ ሆነ። እሷ ትጽፋለች፣ ትሞክራለች፤ እሱ በቪዲዮ ያስረዳል። «ድምፅሽን ለምን ትደብቂያለሽ?» ብሎ ብዙ ለመናት፤ እምቢ ስትለው «እንግዲያው እኔ አፍ እሆንልሻለሁ» አላት። እንድርያስ ሲናገር ድንጋይም ይሰማዋል። ተከታዩ ከዲላ አልፎ አገሩን ሞላው። ግንቦት ሲገባ ሽማግሌ እልካለሁ አለ፤ ኤልቤቴል በደስታ እግሯ መሬት አልነካ አለ።

ሽማግሌዎቹ ሊመጡ በዋዜማው፣ ቅዳሜ፣ አንድ የአዲስ አበባ ማሠልጠኛ ድርጅት እንድርያስን በቀጥታ ስርጭት ጋበዘው። «ስለ ሥራችን ሊጠይቁኝ ነው» ብሏታል። እሷ ቡሌ ወላጆቿ ቤት ነበረች። ኔትወርክ የሚገኘው አጥሩ ጥግ ብቻ ነው፣ እዚያ ቆማ ከፈተችው። አባቷ አቶ ገሪማም የነገ አማቻቸውን ለማየት ከኋላዋ መጥተው ቆሙ።

«ጤዛን ከዝናብ የምትለይበት ዘዴ እንዴት መጣልህ?» አለች ጠያቂዋ።

«አንድ ማለዳ ዱመርሶ ላይ» አለ እንድርያስ በዚያ ለስላሳ ድምፁ፣ «ብቻዬን አልጋው ዳር ቆሜ መዳፌን አሳረፍኩበት። እርጥብ ነበር።»

ብቻዬን አለ። ያቺን ማለዳ እንዳለች አነሣትና ኤልቤቴልን ከውስጧ አወጣት።

ከተመልካቾቹ አንድ የዲላ ሰው የጻፈውን ጠያቂዋ አነበበች፦ «ኤልቤቴልስ? ይላል። ማን ናት?»

ኤልቤቴል አሁን እውነቱን ሊናገር ነው ብላ ስልኩን ወደ ፊቷ አስጠጋች።

«ታይፕ የምታደርግልኝ ልጅ ናት» አለ።

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይሉ የለ፤ እንዲህ ነው የሚጥለው። አቶ ገሪማ ጋቢያቸውን አውልቀው ትከሻዋ ላይ ጣል አደረጉላትና ወደ ቤት ገቡ።

ወዲያው እንድርያስ ደወለ። «ኤልቤ፣ ስሚኝ። ድርጅቱ የሚቀጥረው አንድ ሰው ብቻ ነው። እኔ ልግባ እንጂ አንቺን ማስገባት አያቅተኝም። ለሁለታችን ብዬ ነው።»

«አላውቃትም ብትል ይሻለኝ ነበር።»

«ምን ልበል ታዲያ? በድንገት ጠየቁኝ።»

«ጤዛውንስ በድንገት ነው? ብቻዬን ነበርኩ ያልከውን?»

«ነገ ሽማግሌዎቹ ይመጣሉ፤ ከተጋባን በኋላ ይህ ሁሉ ይረሳል» አላት።

«ይምጡ» አለችና ዘጋችው።

እሁድ ከአምልኮ በኋላ መጡ። መኪናቸውን ጭቃው ስለያዘው የቀረውን መንገድ ሱሪያቸውን ሰብስበው በእግራቸው ነው የወጡት። እናቷ ወይዘሮ እታገኝ ቆጮና ጎመን አቀረቡ፤ ሽማግሌዎቹ ግን መልስ ሳንሰማ አንቀምስም አሉ።

«ልጃችን ጨዋ ነው» አሉ መሪያቸው አቶ ተክለብርሃን። «በኮምፒውተር በሚጽፈው አገር ይማርበታል።»

እንደ ወጉ ቢሆን አባት «ከዘመድ ልማከር፣ ተመልሳችሁ ኑ» ብሎ ይሸኛል። አቶ ገሪማ ግን «የምትጋባው እሷ ናት» ብለው ልጃቸውን አስጠሩ።

ኤልቤቴል ማታውን ሙሉ አልቅሳ ዓይኗ አብጧል። ግን ቀጥ ብላ ቆመች።

«እወደዋለሁ» አለች። ሽማግሌዎቹ ተያዩ፤ በዚያ ወግ ሴት ልጅ ይህን በሽማግሌ ፊት አትናገርም። «እወደዋለሁ፣ ግን በሰው ፊት የካደኝን አላገባም።»

«ምን አደረገሽ፣ ልጄ?»

ሁሉንም መዘርዘር ትችል ነበር። አባቷም እንድትናገር በዓይናቸው እየገፏት ነበር።

«እሱን ጠይቁት» አለች። «እኔ ብነግራችሁ ክስ ነው የሚሆነው። ከራሱ አፍ እውነቱን ከነገራችሁ ግን ተመልሳችሁ ኑ፤ እሺ እላለሁ።»

አቶ ተክለብርሃን ቀለል አላቸው። «ይኼማ ምን ችግር አለው። ለሳምንት እንመጣለን» ብለው ተነሡ።

ለሳምንት አልመጡም። ኤልቤቴል ግን ክረምቱን ሙሉ እሁድ እሁድ ከዲላ ቡሌ ትወጣ ነበር፣ ድንገት ቢመጡ ቤት እንዳትታጣ። ለማንም አልተናገረችም፤ እናቷ ግን የተሻለውን ቆጮ ለእሁድ ያስቀምጡ ነበር።

የመስቀል ሰሞን መንገዱ ደረቀ። አቶ ተክለብርሃንን ዲላ ገበያ ላይ አገኘቻቸው። ሊያልፏት ፈለጉ፣ ግን ጨዋ ሰው ናቸውና ቆሙ።

«ጠየቅነው፣ ልጄ» አሉ ወደ መሬት እያዩ። «ደጋግመን ጠየቅነው። ምንም አላደረግኋትም ነው ያለን።»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ አባባ» አለቻቸው።

በዚያ እሁድ ቡሌ አልወጣችም።