ኢብሮ ባዶ የተወው ዓምድ

ቁጥሩ እንደገና ዘለለ። ፋዲላ ዓይኗን ማመን አቃታት። ጠዋት ከእንስራ የቀዳችውን ያንኑ ውሃ የትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ መስኮት ላይ ፀሐይ አስመታችው እንጂ ቅንጣት ጨው አልጨመረችበትም። መሣሪያው ግን ውሃው ከብዷል ይላል።

ይህን ሴንሰር አምና ከክፍል ጓደኛዋ ከኢብሮ ጋር ነው የሠራችው። ጆሮ የማይሰማው ድምፅ ወደ ፈሳሹ ይልካል፤ ድምፁ የዕቃውን ግርጌ ነክቶ ይመለሳል። በጨው ውሃ ሲሞክሩት ቶሎ ተመለሰ። ስለዚህ ቶሎ ከተመለሰ የፈሳሹ እፍጋት ጨምሯል አሉ። ኢብሮም ሰኔ ላይ የቤታቸውን ግቢ ቧንቧ ለካና «ቀትር ላይ ጨው ይበዛበታል» ብሎ ሰፈሩን ጉድ አሰኘ።

መስከረም ላይ ወባ በአራት ቀን ቀጠፈው። ከዚያ ወዲህ ፋዲላ ሴንሰሩን ባበራች ቁጥር ከኋላዋ ይቆማል። «ዝም በይ አንቺ! ሄደ... ሄደ... መጣ!» ይላታል። ዘወር ስትል ማንም የለም።

ነገ የሳይንስ ኤግዚቢሽን ነው። እናቱ እትዬ ራቢዓ የልጃቸውን ግኝት ሊያዩ ይመጣሉ። እሳቸው ዛሬም ቀትር ላይ ውሃ አይቀዱም። «ልጄ ነግሮኛል» ይላሉ።

ጨው ግን አልነበረም። ቧንቧው ፀሐይ ላይ ተዘርግቶ ስለሚውል ቀትር ላይ የሚወጣው ውሃ እጅ ያቃጥላል፤ በሞቀ ውሃ ውስጥ ደግሞ ድምፅ ይፈጥናል።

«ቲቸር፣ ኢብሮ ተሳስቷል» አለች።

የሳይንስ መምህሯ ቲቸር ጌታሰው ፊታቸውን በደብተር እያራገቡ መለሱ። «እንዳለ አቅርቢው። እናትየው ምን ይሁኑ?»

ፋዲላ ስህተቱ እንዳይታይ የቧንቧው ልኬት ያለበትን ገጽ ልትቀድ የኢብሮን ደብተር ገለጠች። ሦስት ዓምድ አስምሯል፤ ሰዓት፣ እፍጋት፣ ሙቀት። ሦስተኛው ከላይ እስከ ታች ባዶ ነው። ከግርጌው በእርሳስ «ቴርሞሜትር ሲገኝ» ይላል። ስንቴ አይታ አልፋዋለች! እንባዋ ደብተሩ ላይ ጠብ አለ።

ዘንድሮ ለቤተ ሙከራው የመጣውን ቴርሞሜትር ከቁም ሳጥኑ አወጣች። ሴንሰሩንና ደብተሩን አቅፋ በዚያ ሐሩር ወደ እነ ኢብሮ ቤት ሄደች።

«ወይ ልጄ! በዚህ ቀትር?» አሉ እትዬ ራቢዓ።

«ኢብሮ ያልጨረሰው ነገር አለ፣ እትዬ። ጨው ነው ያለው ነገር... ሙቀት ሳይሆን አይቀርም። እሱም ሊለካው አስቦ ነበር። አብረን እንጨርስለት?»

ደብተሩን ተቀበሏት። ማንበብ ባይችሉም የልጃቸውን እጅ ጽሑፍ በጣታቸው ተከተሉት፤ ባዶው ዓምድ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

ከዚያ «ቢስሚላህ» ብለው፣ ከሰኔ ጀምሮ በቀትር ያልነኩትን ቧንቧ ከፈቱ።