ነፋስ የጣለው ግንድ

ብሩክታይት ደምለውን ያወቀችው ቢቸና ውስጥ እንግሊዝኛ በምታስተምርበት ክፍል ተንበርክኮ የሚወላገድ ዴስክ ሲያስተካክል ነው። ዴስኮቹን ሠርቶ ከሞጣ ጭኖ ያመጣው አናጺ እሱ ነበር። ጥፋቱ የወለሉ እንጂ የዴስኩ አለመሆኑን ኮስተር ብሎ ሲያስረዳት ሳቀች። በሳምንቱ ማንም ሳይጠራው ተመልሶ መጣ፤ ወለሉን ሊደለድል።

በዓመቱ ሽማግሌ ላከ። አባቷ መሪጌታ ኃይለ ሚካኤል እንደ ወጉ፣ እንምከርበትና ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ አሉ። ቤት ውስጥ ግን ነገሩ ያንኑ ዕለት አልቆ ነበር፤ ልጁን ወደውታል።

ሽማግሌዎቹ ሳይመለሱ ደምለው ትልቅ ሎተሪ ደረሰው። ወሬው በአንድ ቀን ቢቸና ገባ።

መሪጌታ ሐሳባቸውን ለወጡ። ዛሬ እሺ ቢሉ ልጃቸውን ለገንዘብ ሰጡ መባሉ አይቀርም፤ የቅኔ ተማሪዎቻቸውን በምን ዓይን ያያሉ? ብሩክታይት ብትለምን፣ ብታለቅስ ፈቀቅ አላሉም።

ደምለው ይህን ሲሰማ በመጀመሪያው መኪና መጣ። ከመናኸሪያው ወጣ ብለው ጎን ለጎን ሄዱ። 

«ለቤተ ክርስቲያን ልስጠው» አለ በመጨረሻ።

«ያኔ ደግሞ አባቴን ገዛኸው ይሉሃል።»

«ታዲያ ላቃጥለው?»

ሳቋ አመለጣት፤ ዓይኖቿ ግን እንባ አቅርረው ነበር። ልታጽናናው ብላ፣ እንግሊዞች እንዲህ ያለውን ሲሳይ «ዊንድፎል» እንደሚሉት ነገረችው፤ ነፋስ የጣለው ማለት ነው። ጥንት ጫካው የጌቶች ነበር። ድሃ ዛፍ ከቆረጠ ይቀጣል፤ ነፋስ የጣለውን ቢያነሳ ግን ሌባ የሚለው አልነበረም ይባላል። ቃሉ ሳይታሰብ ለሚመጣ ሀብት ሁሉ የዋለው በኋላ ነው።

«አየህ፣ ጥፋት አልሠራህም» አለችው።

ደምለው ቆመ። የእንጨት ነገር ከሆነ እሱም የሚያውቀው አለ።

«ነፋስ የጣለው ግንድ እርጥብ ነው። እንደወደቀ ከሠራሽበት ይጣመማል፤ ዓመት ጥላ ሥር መቀመጥ አለበት። እኔም ብሩን ዓመት አልነካውም። ወንበሬን እየሠራሁ እቆይና እንደገና ሽማግሌ እልካለሁ።»

«ዓመት ሙሉ?»

 እጇን ያዘ፤ መናኸሪያ ተመልሰው የሞጣው መኪና እስኪሞላም አልለቀቀውም።

ብሩክታይት ደምለው ያለውን ሁሉ ለአባቷ ነገረቻቸው። መሪጌታ የያዙትን መጽሐፍ አጥፈው አስቀመጡ።

«ዓመቱን በምን ይኖራል?»

«በወንበሩ፣ አባባ።»

«እኔስ ልጄን የሰጠሁት ወንበር ለሚሠራው አልነበር?» አሉ ቀስ ብለው። «ግንዱ ይድረቅ። እናንተ ለምን አብራችሁ ትደርቃላችሁ? ሽማግሌዎቹ ቅዳሜ በቀጠሯቸው ይምጡ።»

«ሰውስ?»

«እሱ ዓመት ሙሉ እንጨት ሲልግ ሰው ያየዋል።»

አባቷ እሺ ማለታቸውን ልትነግረው ወደ ሞጣ ደወለች። ደምለው በእንጨት ማሽኑ ጩኸት አልሰማሁም ብሎ አስደገማት። ሁለተኛውን መስማቱን ከትንፋሹ አወቀች፤ ያም ሆኖ ለሦስተኛ ጊዜ ነገረችው።