ያልገጠመው ራም

ረዲ የተገኘው በጌም ቤቱ ወለል ላይ በጀርባው ተዘርግቶ ነው። በቀኝ እጁ አዲስ ራም ይዟል፤ አጠገቡ ሆዱ የተከፈተ ኮምፒውተር ተጋድሟል። «ሜሞሪ ሲጨምር ኤሌክትሪክ ያዘው» የሚለው ወሬ ቆቦ ከተማን ለማዳረስ ጊዜ አልፈጀበትም።

ኢንስፔክተር ቆንጅት ስትደርስ ሽማግሌዎች በር ላይ ቆመው ነበር።

«ልጄ፣ ሬሳ አይቆይም። ከዐስር ሰላት በፊት እንቅበረው» አሏት አንደኛው።

«ትንሽ ይታገሱኝ አባቴ። ሐኪሙም ይየው፣ እኔም ልየው።»

ገብታ ተንበረከከች። የረዲ ማጅራት ተሰንጥቋል፤ ከብረት ጠረጴዛው ጥግ ሥር የፈሰሰው ደም ረግቷል። የኮምፒውተሩ ብሎኖች ደሙ ላይ ተበትነዋል። በጓንቷ አንዱን አነሳችው፤ ከላይ ንጹሕ ነው፣ ከሥር ቀይ። ቀጥላ ራሙን ወደ ማስገቢያው አስጠጋችው። ጥርሱ አልገጠመም።

ሚስቱን ሰልዋን ጓሮ አገኘቻት፤ ያጠበችው የረዲ ሸሚዝ ገና ይንጠባጠባል።

«እህቴ፣ ራም ሊቀይር አስቦ ነበር?»

«ጌሙ እየተንቀራፈፈ ደንበኛ ሸሸው። ልቀይር አልቀይር ሲል እንቅልፍ አጣ። ትናንት ግን ተወው። ‹ቤቱን ዘግቼ ሮቢት ባለው የአባቴ መሬት ላይ ሽንኩርት ልትከል፤ ልጃችንም እዚያው ይወለድ› አለኝ።» እጇን ሆዷ ላይ አሳረፈች።

«ይህን ማን ያውቃል?»

«እኔና ኮምፒውተር ጠጋኙ ካሳው። ለሸሪኩ ለኑሀ ከደሴ ሲመለስ ፊት ለፊት ሊነግረው ነበር።»

ጠጋኙ ካሳው ዓይኑ ቀልቷል። «የመከርሁት እኔ ነኝ። ኮምፒውተሩ አሮጌ ነው፣ አዲሱ ራም አይገባበትም፤ ቦርዱም መቀየር አለበት አልሁት። በጄ ብሎ ተወው።»

ሸሪኩ ኑሀ የረዲ አብሮ አደግ ነው። ደረቱን እየደቃ ያለቅሳል። «አሁን ከመኪና መውረዴ ነው። ትናንት ማታ በስልክ ‹ራም ገዝቻለሁ፣ ነገ እገጥመዋለሁ› ብሎኝ ነበር። ሶኬቱን ንቀል አልሁት፣ አልሰማኝም!»

ሐኪሙ መርምሮ ሲያበቃ በጆሮዋ አንድ ነገር ነገራት። ቆንጅት ሦስቱንም ወደ ጌም ቤቱ ጠራቻቸው።

«ኤሌክትሪክ አልነካውም፤ ጭንቅላቱ ጠረጴዛው ላይ ተመትቶ ነው የሞተው» አለች። «ብሎኖቹ የወደቁት ደሙ ከፈሰሰ በኋላ ነው። እንግዲህ ረዲ ከወደቀ በኋላ ኮምፒውተሩን ሌላ ሰው ፈትቶታል፤ ራሙንም እጁ ላይ አኑሯል። ካሳው ቢሆን የማይገጥም ራም አያኖርም። ሰልዋም ሐሳቡን እንደተወው ታውቃለች። ሊገጥም ሲል ሞተ የሚያሰኝ፣ ራሙ እንደማይገጥምም፣ እነርሱ መተዉን ማወቃቸውንም ያልሰማ ሰው ብቻ ነው። ትናንት ከተወ ደግሞ ማታ በስልክ ‹እገጥመዋለሁ› ሊልህ አይችልም፣ ኑሀ።»

ኑሀ ራሙን ተመለከተ።

«ራሙን ከደሴ ያመጣሁለት እኔ ነኝ። ደስ ይለዋል ብዬ ነበር፤ ‹ልዘጋው ነው› አለኝ። እኔ ያለዚህ ቤት ምን አለኝ? ደረቱን ገፋሁት፣ ብቻ ገፋሁት። ወላሂ፣ ወዲያው የሞተ መስሎኝ ነው ያን ሁሉ ያደረግሁት!»

ቆንጅት የሐኪሙን ቃል ልትደብቀው ፈለገች። ባትናገር ግን በኋላ ከሌላ ሰው ይሰሙታል።

«ወዲያው አልሞተም። ደሙ ይህን ያህል የፈሰሰው ልቡ እየመታ ስለነበረ ነው። አንተ ብሎን ስትፈታ ረዲ በሕይወት ነበር።»

ሰልዋ ወደ ኑሀ ተጠጋች፤ አልጮኸችም፣ አልሰደበችውም።

«እኔኮ ጓሮ ልብስ አጥብ ነበር፣ ኑሀ። ብቅ ብለህ ብትጠራኝ ምን ነበረበት? ባጃጁ በር ላይ፣ ሐኪም ቤቱ እዚያ ማዶ...»



ረዲን አጥበው፣ ከፍነው ሲያወጡት ኑሀ ሊሸከም እጁን ወደ ቃሬዛው ዘረጋ። ቆንጅት ክንዱን ያዘችው። ካሳው በኑሀ ቦታ ገብቶ ትከሻውን ሰጠ።