ከጀርባዋ ያለውን ሳነሳ

በዚያ ዘመን የሚንቀሳቀስን ሰው ከቪዲዮ ቆርጦ የሚያወጣውን ሶፍትዌር ከእኔ እኩል የሚያዝዘው ሰው አልተፈጠረም ነበር። ኮምፒውተሩ የሳተውን ፀጉር አንድ በአንድ የምለቅመው እኔ ነኝ። አንድ ሚሊዮን ፀጉር ለቅሜአለሁ ብል ማን ቆጥሮ ይከራከረኛል?

እሷ ከስቱዲዮዬ ሥር ባለው ልብስ ስፌት ቤት ትሠራ ነበር። መብራት የጠፋ ቀን ደረጃው ላይ ተጋጨን፤ እኔ በዚያው ቀረሁ። ከዚያ ወዲህ ዛሬስ እነግራታለሁ እያልኩ፣ በገዛ እጄ የበጠስኩትን ቁልፍ ላሰፋ በየቀኑ እወርዳለሁ።

አንድ ጠዋት ታላቅ ወንድሟ መጣ።

«ውጭ አገር ያለ ሰው ለትዳር ጠይቋታል። ስትሠራ ቅረጻትና ያንን የጨርቅ ክምር ከጀርባዋ አንሣልኝ፤ አትክልት ቦታ አስገባበት። ስድስት ሰዓት ላይ ይላካል።»

ወርጄ ቀረጽኳት። ስመለስ ወንድሟ ከኋላዬ ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ እሷ በሩን ተደግፋ ቆመች።

ሥራ ጀመርኩ። ለአንድ ሰከንድ ሃያ አምስት ምስል ነው። ክንዷን ከጨርቁ፣ ጣቷን ከመቀሱ ስለይ ልቤ ሦስት ፎቅ ያናውጣል። ባጠራኋት ቁጥር ለሌላ ሰው እየሸኘኋት ነው። ሥራውን ማበላሸት እችል ነበር፤ ግን እሷን አጉድዬ ለመቁረጥ እጄ እምቢ አለኝ።

ክምሩ ጠፋ። ነጭ ባዶ ላይ ብቻዋን ቀረች።

ያኔ ሦስታችንም አየነው። ዓይኗ ሥራዋ ላይ አልነበረም። ቀስ ብሎ ወደ ግራ ይሄዳል፤ ይቆማል፤ ወደ ቀኝ ይመለሳል። ቅድም በዚያ ሁሉ ጨርቅ መካከል ግን ዕቃ የምትፈልግ ነበር የምትመስለው።

«ማንን ነው የምታየው?» አለ ወንድሟ።

ስትቀረጽ ካሜራውን አንድ ቦታ ተክዬ፣ መብራት ተሸክሜ ወዲያ ወዲህ ስንቆራጠጥ የነበርኩት እኔ ብቻ ነኝ።

«በል ዓይኗን አስተካክለው!»

«አልችልም» አልኩ። ይህች ቃል ከአፌ ስትወጣ የመጀመሪያ ጊዜዋ ነበር።

«ጋሼ» አለች ከበሩ። «ይላክ ካልክ እንዲሁ ይላክ። ሰውየውም ማንን እንደማይ ይጠይቅህ።»

«ከስንቱ ወንድ መርጠሽ ይሄን ጉረኛ?!»

«ጉረኛ? እኔ ጋ ሲመጣ እኮ ትንፍሽ አይልም!»

ወንድሟ ሰዓቱን አየ። ስድስት ሊሞላ ሁለት ደቂቃ ቀርቶታል። ማያ ገጹን አየ፤ እሷን አየ፤ እኔን ከራስ ፀጉሬ እስከ እግር ጥፍሬ አየኝ። ያቺን ሁለት ደቂቃ ሁለት ዓመት ኖርኩባት። ስድስት ሰዓት አለፈ። ላክ አላለኝም።

ወንበሩን ወደ እኔ አዞረ።

«ለመሆኑ» አለ፣ «የማን ልጅ ነህ?»

የአባቴን ስም ነገርኩት፤ ምንም ሳልጨምርበት።