አበባዋና ዳለቻ

በሉ ልጆች፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። ስለ አንዲት አበባና ስለ አንዲት አህያ ላወራችሁ ነው።

አህያዋ ዳለቻ ትባላለች። ስሟ ከቀለሟ የመጣ ነው፤ ከጆሮዋ እስከ ጭራዋ አመድማ ናት።

ክረምቱ አልፏል፤ አደይ አበባም ረግፏል። ትንሿ ትርንጎ ከአክስቷ ከሰናይት ጋር ተራራ ትወጣለች።

የአክስቷ ሥራ አበባ ማጥናት ነው። አዲስ ዓይነት አበባ ባየች ቁጥር ቁጢጥ ብላ ትስላለች፤ ስሙንም ትጽፋለች።

ዕቃውን የምትሸከመው ዳለቻ ናት። ቋ! ቋ! ቋ! ትላለች ኮቴዋ።

ጠባቡ መንገድ ላይ ሲደርሱ ዳለቻ ቀጥ ብላ ቆመች።

«ሂጂ፣ ዳለቻ» አለቻት ትርንጎ። ዳለቻ ግን ንቅንቅ አላለችም።

ትርንጎ ከኋላ ገፋቻት፤ አክስቷ ከፊት ሳበቻት። ዳለቻ ግን ንቅንቅ አላለችም።

«ምን ነካት ዛሬ?» ብላ ትርንጎ ጎንበስ አለች።

ከዳለቻ ኮቴ ፊት፣ ባዶው አፈር ላይ፣ አንዲት ወይን ጠጅ አበባ ብቅ ብላለች። ቅጠል የላት፣ ጓደኛ የላት፣ ብቻዋን ናት። ዳለቻ አንድ እርምጃ ብትጨምር ኖሮ አበባዋ ትጨፈለቅ ነበር።

አክስቷ ጠጋ ብላ አየቻት። «ትርንጎዬ፣ ይህቺ ክሮከስ ከሚባሉት አበቦች ዘር ናት። እንደዚህ ያለችውን ግን አይቼም ሰምቼም አላውቅ። ገና ስም አልወጣላትም።»

«ክሮከስ ስሟ አይደለም እንዴ?»

«እሱ እንደ አባት ስም ነው። የአበባ ስም ሲጻፍ የአባት ስም ይቀድማል፤ የራሷ ስም ከኋላ ይመጣል። የራሷን ስም አንቺ ታወጪላታለሽ። መጀመሪያ ያየሻት አንቺ ነሻ።»

ትርንጎ ደስታዋን መያዝ አቃታት። ቀስ ብላ ሞከረችው። «ክሮከስ ትርንጎ።» ሲያምር!

«ከዚያ በፊት ግን ፈክታ ሳለች ልሳላት» አለች አክስቷ። «ካልተሳለች ስም የላትም።»

ወዲያው ደመናው ፀሐይዋን ሸፈናት። አበባዋም ብርድ ሲሰማት ክድን አለች።

ፉዉዉ! ነፋስ ተነሣ። ፀሐይ እስክትወጣ መጠበቅ ነው እንግዲህ።

ትርንጎ አበባዋን ልታይ ብትል የዳለቻ ሆድ ጋረዳት። «ወዲያ በይልኝ፣ ዳለቻ» ብላ ገፋቻት።

የዛሬን ጉድ አያድርስ፣ አሁን ዳለቻ እሺ አለች። ቋ! ቋ! ቋ! ራቅ ብላ ቆመች።

ፉዉዉዉ! ነፋሱ መጥቶ አበባዋን መሬት ላይ ደፋት።

ትርንጎ በሁለት እጇ ከለለቻት። ነፋሱ ግን በጣቶቿ መሃል ይገባል። አበባዋ ልትቀነጠስ ነው።

ትርንጎ እንባዋ መጣ። «ነይ፣ ዳለቻ። ነይ እባክሽ።»

ዳለቻ ተመለሰች። ሰፊ ጎኗን ለነፋሱ ሰጥታ ቆመች።

ፉዉዉዉ! ነፋሱ ጭራዋን አወዛወዘ፤ አቧራውን ዓይኗ ላይ በተነ። ዳለቻ ግን ንቅንቅ አላለችም።

በመጨረሻ ፀሐይዋ ወጣች። አበባዋ ቀስ፣ ቀስ፣ ቀስ እያለች ፈካች። አክስቷም ስላ ጨረሰች።

«በይ፣ ስሟ ማን ይሁን?»

«ክሮከስ ትር...» ብላ ትርንጎ ዞር አለች። ዳለቻን አየቻት። ዳለቻ አቧራ የገባበትን ዓይኗን ታርገበግባለች።

«ክሮከስ ዳለቻ» አለች ትርንጎ።

አክስቷ ሳቀች። «ወይን ጠጅ አበባ፣ ስሟ አመድማ?»

«ስሟ ለመልኳ አይደለም። ለዳለቻ ምስጋና ነው። መጀመሪያ ያየቻትም እሷ ናት፤ ያዳነቻትም እሷ ናት።»

«ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል» አለች አክስቷ እየጻፈች። «የዛሬው መልአክ ጆሮው ረጅም ነው።»

ሲመሽ ትርንጎ በእፍኟ ገብስ ይዛ ጋጣ ገባች።

«ዳለቻዬ፣ አበባችንን ስላዳንሽልን እግዜር ይስጥልኝ» አለቻት በጆሮዋ። «ስምሽን ሰጥቻታለሁ።»

ዳለቻ ገብሷን ቀርጨም ቀርጨም አደረገች። ከዚያ አገጯን ትርንጎ ትከሻ ላይ ጣል አደረገች።

«አሁን ልሂድ፣ እንቅልፌ መጥቷል» አለች ትርንጎ።

ዳለቻ ግን ንቅንቅ አላለችም።