የረቡዕ ጥሪ

«የኮምፒውተር እርዳታ መስመር፣ ኤኖ እባላለሁ። ምን ልርዳዎት?»

ስልኩ የኦኮ ነው፤ ከውስጡ የሚሰማው ድምፅ ግን የፌንያ አባት ድምፅ ነበር። ዓርብ ከትምህርት ቤት ወጥተው ፌንያ የብስክሌቷን ቁልፍ እየከፈተች ነበር። እጇ እዚያው ቀረ።

«ዝም ብለሽ ስሚ!» የክፍል ጓደኛዋ ኦኮ ሳቁን አፍኖ ስልኩን ወደ ጆሮዋ አስጠጋው።

አንድ ጎርናና ድምፅ ቀጠለ። «መምህር ዲርክሰን ነኝ። የይለፍ ቃሌ አልሠራ ብሎኛል። ተማሪዎቹ ክፍል ውስጥ እየጠበቁኝ ነው፣ በጣም ቸኩያለሁ።» ጎርናናው የራሱ የኦኮ ድምፅ ነበር። ባለፈው ክረምት ድምፁ ከጎረነነ ወዲህ መምህራኑን ሁሉ እየመሰለ ክፍሉን ሲያስቅ ነው የሚውለው።

«አይዞዎት፣ አሁኑኑ አስተካክላለሁ» አለ አባቷ። ከዚያም አዲሱን የይለፍ ቃል ፊደል በፊደል፣ ረጋ ብሎ፣ ሁለት ጊዜ ነገረው።

ኦኮ ቀረጻውን ዘጋ። «ሼባው እንዴት እንደተሸወደ ሰማሽ? በዲርክሰን ይለፍ ቃል ገብቼ የሰኞውን ሒሳብ ፈተና አውጥቻለሁ። ላንቺም እልክልሻለሁ።»

«መቼ ነው የደወልከው?»

«ረቡዕ ጠዋት። ምነው፣ አመድ መሰልሽ እኮ! ራስሽ አይደለሽ እንዴ የነገርሽን?»

እውነቱን ነው፤ ነግራቸዋለች።

አባቷ ሃያ አንድ ዓመት ዳቦ ጋጋሪ ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት ሐኪሙ ዱቄቱ ሳንባውን እየጎዳው እንደሆነ ነገረው፤ ሌላ ሙያ መማር ግድ ሆነበት። በአርባ አራት ዓመቱ፣ ልጆቹ ሊሆኑ ከሚችሉ ወጣቶች ጋር ተቀምጦ ኮምፒውተር ተማረ። ከዚያ ስልሳ ማመልከቻ ላከ። «የሥራ ልምድ?» ይሉታል። «ዳቦ» ይላል። ይስቃሉ፤ ተመልሰው ግን አይደውሉም። በመጨረሻ የከተማቸውን የኦስተርዚልን ትምህርት ቤቶች ኮምፒውተር የሚከታተለው ቢሮ ለስድስት ወር ሙከራ ወሰደው። አሁን ገና አምስተኛ ሳምንቱ ነው።

ከሥራ ሲመለስ ይለማመዳሉ። ፌንያ የተናደደ ደዋይ ሆና ትጮህበታለች፣ እሱ ይመልሳል። ይህንንም ነው በዕረፍት ሰዓት ለጓደኞቿ አስመስላ ያሳየቻቸው። «አባዬን ‹ቸኩያለሁ› ካሉት አበቃ፤ እንደ ቅቤ ነው የሚቀልጠው!» ብላ ነበር። ሁሉም ሳቁ። እሷም ሳቀች።

«ለመምህር ዲርክሰን እነግራለሁ» አለች አሁን።

«ንገሪያ!» ኦኮ ትከሻውን ሰበቀ፤ ዓይኑ ግን ከዓይኗ ሸሸ። «እኔ ሦስት ቀን ከትምህርት ቤት እታገዳለሁ። አባትሽስ? ሳያጣራ እኮ ነው የሰጠኝ። በሙከራ ላይ ያለ ሰው ለመሰናበት አንዲት ደብዳቤ ትበቃዋለች።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «በናትሽ ፌንያ፣ አትቀውጪው። በዚህ ፈተና ከወደቅሁ ክፍል መድገሜ ነው።»

የባሕሩ ነፋስ እስከ ቤት መንገዱን ሙሉ ደረቷን ገፋት። ብስክሌቱን እየረገጠች የምታስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ደዋዩን በድምፁ አትመን፤ ዝጋና በመዝገቡ ላይ ባለው ቁጥር መልሰህ ደውል። አባቷ ይህን ደንብ ጫማውን እያሰረ እንኳ እንደ ጸሎት ሲደግመው ሰምታለች። ደንቡን ያውቀዋል። እያወቀው ነው የሳተው።

ቤት ስትገባ ሻዩ ቀርቧል። አባቷ ድንጋይ መሳዩን ስኳር ሲኒዋ ውስጥ ጣል አድርጎ ሻዩን ቀዳበት፤ ስኳሩ ቀጭ ብሎ ተሰነጠቀ።

«ወይዘሮ ሃርምስ ዛሬ ምን አሉኝ መሰለሽ? ‹ኤኖ፣ አንተን ስቀጥር ፈርቼ ነበር፤ አሁን ግን እንቅልፍ ይወስደኛል።› አለቃዬ ናቸው እንዲህ ያሉኝ!» ፊቱ በርቷል። «በይ እስቲ፣ አንድ ቁጡ ደዋይ ሁኚልኝ። ሰኞ ጠዋት ሁሉም ነገር አንድ ላይ ነው የሚበላሸው።»

ፕሪንተሬ ወረቀት ነከሰብኝ ልትል ትችላለች። ለማለትም አፏን ከፈተች።

«መምህር ዲርክሰን ነኝ» አለች። «የይለፍ ቃሌ አልሠራ ብሎኛል። ተማሪዎቹ ክፍል ውስጥ እየጠበቁኝ ነው፣ በጣም ቸኩያለሁ።»

አባቷ ሳቀ፤ ሊመልስ ጀመረና አቆመ። ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ።

«ይህን ከየት ሰማሽው?»

ዓይኗን ከሲኒው ሳታነሳ ሁሉንም ነገረችው፤ በዕረፍት ሰዓት ያለችውንም ጭምር። ስትጨርስ የአባቷ ትንፋሽ ደረቱ ውስጥ ሲያፏጭ ይሰማ ነበር።

«ኦኮ? የኢምከ ልጅ? በልጅነቱ በዳቦ ቤቱ ጓሮ በር መጥቶ ዘቢብ ያለበት ዳቦ ካልሰጠኸኝ እያለ ያለቅስ የነበረው?»

«እሱ።»

«በጓሮ በር» አለ ለራሱ። «ያን ጊዜም ቸኩያለሁ ላለኝ ሁሉ ሱቁ ሳይከፈት እሸጥ ነበር።» ተነስቶ ወደ መስኮቱ ሄደ። «ዲርክሰን በዚያው ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ደውሎልኝ ነበር። መግባት አልቻልኩም ሲለኝ እንደገና ቀየርኩለት። ረስቶት ነው ብዬ ነበር። እሱም ራሱ የረሳው መስሎታል።» ከዚያ በጣም ቀስ ብሎ፣ «ማንም አያውቅም ማለት ነው» አለ።

የኦኮ ዛቻ እንኳ እንዲህ አላስፈራትም። አባቷ ፈርቶ አይታው አታውቅም፤ ሐኪሙ ቤት ሆነው እንኳ የቀለደ ሰው ነው።

«ስልሳ ማመልከቻ፣ ፌንዬ» አለ ሳይዞር። «ስልሳ።»

«አውቃለሁ፣ አባዬ።»

«ሰኞ ብነግራቸውስ? ሁለቱን ቀን ላስብበት።»

«ፈተናው ሰኞ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ላይ ነው።»

ተመልሶ መጥቶ ተቀመጠ። ስልኩን አወጣ፤ ቁጥሩን ፈለገ፤ ጣቱ ቁጥሩ ላይ ብዙ ቆየ። ከዚያ ነካው። ድምፁ ለሁለቱም እንዲሰማ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። አንዴ ጠራ፤ ሁለቴ ጠራ።

«ሃርምስ።»

አባቷ አፉን ከፈተ። የወጣው ያ የሚያፏጭ ትንፋሽ ብቻ ነበር።

«ኤኖ? አንተ ነህ? ምነው፣ በደህና?»

ፌንያ ከንፈሩን አየችው። ምን ሊል እንደሆነ ገባት፦ ይቅርታ፣ ተሳስቼ ነው የደወልኩት። እሱ ይህን ካለ እሷም ዝም እንደምትል አወቀች፤ ሰኞም ዝም፣ ከዚያም በኋላ ዝም።

ወንበሯን ወደ እሱ ሳብ አድርጋ እጇን ጉልበቱ ላይ አሳረፈች።

«ወይዘሮ ሃርምስ፣ ፌንያ ነኝ፣ የኤኖ ልጅ። አባዬ አጠገቤ ነው።» ወደ ስልኩ ጎንበስ አለች። «የምንነግርዎት ነገር አለ። ከእኔ አፍ በወጣ ነገር ነው የተጀመረው፤ ስለዚህ እኔ ልጀምር።»